ድሬዳዋ ላይ ሞተር ለጀመረ ሰው የትኛው መከላከያ ይቅደም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ሲሆን ለሥራ እንዲያገለግለኝ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ተሰጥቶኛል። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ጥቂት ወራት ነው። አብዛኛውን ቀን በከዚራ፣ በመጋላና በመልካ ጀብዱ እመላለሳለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ደንገጎን ወጥቼ ሐረር ደርሼ እመለሳለሁ። ከሞተሩ ጋር ያገኘሁት መከላከያ አንድ ግማሽ ሄልሜት ብቻ ነው። ጓደኞቼ በዚህ ሙቀት ጃኬትና ጓንት ማድረግ ራስን ማቃጠል ነው ይሉኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ ሙሉ ልብስ ሳልለብስ ከቤት እንዳልወጣ ትወተውተኛለች። ያለኝ ገንዘብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመግዛት አይበቃም። ከየትኛው ልጀምር? ደህናውን ከማይረባውስ እንዴት ልለይ?
አንባቢያችሁ ከሳቢያን

መልስ፦ ጥያቄዎ የገንዘብና የሙቀት ችግርን አንድ ላይ ያነሣ ስለሆነ የምንሰጠው ምክርም ሁለቱን ማስታረቅ ይኖርበታል። ስለ ገንዘቡ የምንለው፣ ከተጎዳ በኋላ ሐኪም ሊጠግነው የማይችለው የሰውነት ክፍል ይቅደም ነው። ስለ ሙቀቱ ደግሞ፣ የሚገዙት ዕቃ በግንቦት እኩለ ቀን ላይ በአሸዋ ገበያ በኩል ሲያልፉ ሳያወልቁት የሚቆዩት ዓይነት መሆን አለበት እንላለን። ምንም ያህል ውድ ቢሆን ቤት ተሰቅሎ የሚውል ጃኬት ማንንም አላዳነም።

በሄልሜቱ ይጀምሩ፤ ከያዙት ገንዘብ ግማሽ ያህሉ እሱ ላይ ቢውል አይቆጭዎትም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣና 61 ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ግምገማ፣ ሄልሜት ያደረጉ ሞተረኞች አደጋ ሲደርስባቸው የመሞት ዕድላቸው በ42 በመቶ፣ ጭንቅላታቸው የመጎዳት ዕድሉ ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከጃኬት፣ ከጓንትም ሆነ ከጫማ መካከል ለሕይወት ይህን ያህል ዋስትና የሚሰጥ የለም። ይሁን እንጂ በእጅዎ ያለው ግማሽ ሄልሜት አናትን ብቻ የሚሸፍን በመሆኑ አገጭን፣ መንጋጋንና ፊትን እንዲሁ ይተዋቸዋል። ከሞተር ላይ ወደፊት የተወረወረ ሰው በፊቱና በራሱ ጎን መሬት መምታቱ የተለመደ ስለሆነ፣ አገጭን የሚዞር ጠንካራ ክፍል ያለውን ሙሉ ሄልሜት እንዲገዙ አጥብቀን እንመክራለን።

«ከተማ ውስጥ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚለውን መከራከሪያ ከብዙ ሞተረኞች እንሰማለን። በሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ የመረመረውና በ1981 ለንባብ የበቃው ታዋቂ ጥናት ግን፣ ከአደጋዎቹ ግማሽ ያህሉ የጀመሩት ሞተረኛው በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ሲጓዝ እንደነበር፣ በግጭቱ ቅጽበት ደግሞ መካከለኛው ፍጥነት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደነበረ አረጋግጧል። ይህ ማለት በከዚራ ጥላ ሥር ዘና ብለው የሚነዱበት ፍጥነት ነው። የቆመ ሞተር እንኳ ቢጥልዎት፣ ከ1.6 ሜትር ከፍታ ወደ መሬት የሚወርድ ጭንቅላት መሬቱን የሚመታው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ነው።

አሁን ደህናውን ከማይረባው ወደ መለየቱ እንምጣ። የሄልሜት የላይኛው ቅርፊት የምቱን ጉልበት በሰፊው ይበትነዋል፣ ስለት ያለው ነገርም እንዳይገባ ይከላከላል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ከሥሩ ያለው፣ ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ማዕዘን የምናገኘውን ነጭ ፎም የሚመስለው ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን በምት ጊዜ ራሱ እየተጨመቀ የጭንቅላትን ፍጥነት በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ስለሚያበርደው አንጎል ከራስ ቅል ጋር የሚጋጭበት ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የላይኛውን ቀለምና ሥዕል ከማድነቅዎ በፊት የውስጡን ጨርቅ ገለጥ ያድርጉና ፎሙን ይመልከቱ። ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ ጨርቁ በቀጥታ ከፕላስቲኩ ጋር የተጣበቀ ከሆነ ወይም ስስ ስፖንጅ ብቻ ካገኙ፣ ነጋዴው ምንም ቢምልልዎት መልሰው ያስቀምጡት። ክብደትም ይመሰክራል፤ እውነተኛ ሙሉ ሄልሜት ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.7 ኪሎ ግራም ይመዝናል።

ቀጥለው ማረጋገጫውን ይፈልጉ። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22 መሠረት የተፈተነ ሄልሜት፣ በአገጭ ማሰሪያው ላይ በተሰፋ ጨርቅ ላይ «ኢ» የተባለችው የላቲን ፊደል በክብ ውስጥ ሆና ከአንድ ቁጥር ጋር ተጽፋበት ይገኛል። ቁጥሩ ማረጋገጫውን የሰጠውን አገር ያመለክታል፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን፣ 4 ኔዘርላንድስ ነው። ከዚያ የሚከተለው ረጅም ቁጥር በ05 ከጀመረ በቀድሞው፣ በ06 ከጀመረ ደግሞ በአዲሱ የደንቡ እትም የተፈተነ ነው። አዲሱ እትም ጭንቅላት በሰያፍ ሲመታ የሚደርስበትን የመጠምዘዝ ጉልበት ጭምር ስለሚፈትን ከተገኘ ይመረጣል፤ 05 ሆኖ ልክዎ የሆነ ሄልሜት ግን 06 ሆኖ ከሚሰፋዎት ይበልጣል። ከህንድ በሚመጡ ሄልሜቶች ላይ የአይ.ኤስ.አይ. ምልክት፣ በአሜሪካው ደንብ በተሠሩት ላይ ደግሞ ከኋላ በኩል ዲ.ኦ.ቲ. የሚል ጽሑፍ ይኖራል። የዲ.ኦ.ቲ.ን ምልክት የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ስለሆነና ተለጣፊውም በቀላሉ ስለሚመሳሰል፣ በእሱ ብቻ ተማምነው አይግዙ፤ ከፎሙ፣ ከክብደቱና ከማሰሪያው ጥንካሬ ጋር አስተያይተው ይፍረዱ።

ከምልክቱም ከዋጋውም በላይ ልክ መሆኑ ይበልጣል። የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብዎ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው፣ ከኋላ ጭንቅላትዎ በጣም በወጣበት በኩል አዙረው ይለኩ፤ ከ57 እስከ 58 ሴንቲ ሜትር በብዙ አምራቾች ዘንድ መካከለኛ ቁጥር ነው፣ ነገር ግን የአምራቾች ልክ ስለሚለያይ ሳይሞክሩ አይግዙ። ሲያጠልቁት ጠበቅ ሊልዎት፣ ጉንጭዎንም ገፋ ሊያደርገው ይገባል። ሄልሜቱን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዞሩት የግንባርዎ ቆዳ አብሮት መንቀሳቀስ አለበት፤ ሄልሜቱ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ትልቅ ነው። ማሰሪያውን አጥብቀው ካሰሩ በኋላ አንድ ሰው ከኋላ በኩል ጠርዙን ይዞ ወደ ፊት ይግፋልዎት፤ ከራስዎ ላይ ከወጣ በአደጋም ቀን ይወጣል። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል አድርገውት ሱቁ ውስጥ ይቆዩ። ግንባርዎ ላይ አንድ ቦታ ብቻ የሚወጋዎት ከሆነ ቅርጹ ከራስዎ ቅርጽ ጋር አልተስማማምና ሌላ ይሞክሩ። ሻጩ በመቆየትዎ ቢሰለች ይሰልች። የጉንጩ ስፖንጅ ከጊዜ በኋላ ስለሚለሰልስ ዛሬ ምቹ ሆኖ የላላ ሄልሜት ከጥቂት ወራት በኋላ የሚወዛወዝ ይሆናል።

ማሰሪያውን ሳያስሩ መንዳት በድሬዳዋ እጅግ የተለመደ ነው፤ ሄልሜቱን ክንድ ላይ አንጠልጥሎ መንዳትም እንዲሁ። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ብቻ ራስ ላይ የሚወጣ ሄልሜት ከቅጣት ያስጥል እንደሆነ እንጂ ከአስፋልት አያስጥልም።

ስለ ሙቀቱ ጓደኞችዎ የሚሉት ግማሽ እውነት አለው። በወፍራም ጥቁር የቆዳ ጃኬት ታፍኖ በቆመ ትራፊክ መካከል መጠበቅ ያደክማል፤ የደከመ ነጂ ደግሞ ይሳሳታል። ነገር ግን ባዶ ክንድ ይሻላል ማለት አይደለም። የቆዳችን ሙቀት ከ33 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በድሬዳዋ ሞቃት ወራት እንደሚሆነው የአየሩ ሙቀት ከዚህ ሲያልፍ፣ በፍጥነት የሚነፍሰው አየር ለተራቆተ ቆዳ ሙቀት የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይሆንም፤ ላቡንም በፍጥነት ያደርቀዋል። የበረሃ ሰዎች ሰፊና ረጅም ልብስ የሚለብሱት ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎም መፈለግ ያለብዎት ደረቱና ክንዱ ወንፊት በመሰለ ጠንካራ ጨርቅ የተሠራ፣ ትከሻው፣ ክርኑና ጀርባው ላይ ግን መከላከያ የተገጠመለት የበጋ ጃኬት ነው። ከሥሩ ቀለል ያለ የጥጥ ቲሸርት ውኃ ነክረው ጨምቀው ቢለብሱ ነፋሱ በወንፊቱ እየገባ ለተወሰነ ርቀት ደህና አድርጎ ያቀዘቅዝዎታል። ውኃ መጠጣትዎን ደግሞ ጥም እስኪይዝዎት አይጠብቁ።

የጃኬቱ ቀለም ሁለት ጥቅም አለው። ነጣ ያለ ቀለም ፀሐይን አይሰበስብም፣ ከሩቅም ይታያል። ቀደም ሲል የጠቀስነው የሎስ አንጀለሱ ጥናት እንዳሳየው፣ ሞተርና ሌላ ተሽከርካሪ ለሚጋጩበት አደጋ ዋነኛው ምክንያት የሌላው ተሽከርካሪ ነጂ ሞተረኛውን አለማየቱ ነው። ባጃጅ በየማዕዘኑ ድንገት በሚታጠፍበት ከተማ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኒውዚላንድ ጥናት፣ አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱ ሞተረኞች ለከባድ አደጋ የመጋለጥ ዕድላቸው በ37 በመቶ፣ ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ደግሞ ጥቁር ካደረጉት ይልቅ በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ጃኬት እስኪገዙ ድረስ የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን አንጸባራቂ ሰደርያ በሸሚዝዎ ላይ ይደርቡ። ከመፋቅ አያድንም፤ እንዲታዩ ግን ያደርጋል፣ ዋጋውም ቀላል ነው።

ከሄልሜቱ ቀጥሎ ጃኬት ሳይሆን ጓንትና ጫማ ይግዙ። የሚወድቅ ሰው ሳያስብ እጁን ይዘረጋል፤ መዳፉ የተላጠ ሰው ደግሞ ለሳምንታት ጉርሻ እንኳ በራሱ አይጎርስም። ጓንቱ መዳፉ ላይ ሁለት ድርብ ቆዳ ያለው፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ማጥበቂያ ያለው ይሁን፤ ካሠሩት በኋላ ጣቶቹን ይዘው ሲጎትቱት የሚወልቅ ከሆነ ሲንሸራተቱም ይወልቃል። ግማሽ ጣት ያለውን የብስክሌት ጓንት አንመክርም። ጫማን በተመለከተ ጥሩ ዜና አለን። በአውስትራሊያ ካንቤራ አካባቢ አደጋ የደረሰባቸውን ሞተረኞች የተከታተለ ጥናት፣ ለሞተር ያልተሠራ ተራ ቡትስ እንኳ ከተራ ጫማ ጋር ሲነጻጸር የእግርና የቁርጭምጭሚት ጉዳትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ ሶሉ የማይታጠፍ፣ ነዳጅ ሲነካው የማያንሸራትት ወታደራዊ ወይም የሥራ ቡትስ ለጊዜው ይበቃዎታል። ክሩን ወደ ውስጥ ይክተቱት፤ በማርሽ መቀየሪያው ላይ የተጠመጠመ የጫማ ክር ቆሞ የነበረን ሞተር ይጥላል። ነጠላ ጫማ አድርጎ ስለመንዳት የምንለው ነገር የለም።

ሱሪን በተመለከተ የተለመደው ጅንስ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ያህል አይደለም። በመፋቂያ ማሽን ሲፈተኑ ብዙ ተራ ጅንሶች ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይበሳሉ። ስስ ናይለንና ፖሊስተርም ከአስፋልት ጋር ሲፋተግ ቀልጦ ቁስል ላይ ይጣበቃል። ልዩ የሞተር ሱሪ እስኪያገኙ ድረስ ወፍራም ሱሪና በላዩ የሚታሰር የጉልበት መከላከያ ያድርጉ፤ መከላከያው ሲወድቁ ከጉልበትዎ ላይ እንዳይዞር ከላይና ከታች የሚታሰር መሆኑን ይዩ። በጃኬትም በሱሪም ውስጥ ለሚገቡት መከላከያዎች 1621 የሚለውን የአውሮፓ ደረጃ ቁጥርና ደረጃ 1 ወይም 2 የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ 2 የበለጠ ምት ይችላል። ምንም ጽሑፍ የሌለበትና በጣት ሲጫኑት ድፍጥጥ የሚል ስፖንጅ ቅርጽ ለማሳመር የገባ ነው።

በሳልባጅ ተራ አንዳንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ደህና የሞተር ጃኬት በትንሽ ገንዘብ ይገኛል፤ ጃኬትን በዚህ መንገድ መግዛትን አንቃወምም። ስፌቱ በድርብ መሰፋቱን፣ በተለይ በክርንና በትከሻ በኩል አለመላላቱን ያረጋግጡ፤ ልብሱ ጠንካራ ሆኖ ስፌቱ ከተተረተረ ጥቅም የለውም። የቆዳ ጃኬት ከሆነ ደግሞ ለጌጥ የሚለበሰው ስስ ሌጦ ሳይሆን ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ይሁን፤ እሱንም ለጠዋት፣ ለማታና ለሐረር መንገድ ያቆዩት።

የሐረሩን መንገድ ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ስትሆን የደንገጎ አናት 2,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከታች ላብ ያጠመቀው ሰው ከላይ ያንኑ እርጥብ ሸሚዝ በነፋስ ለብሶ ይንቀጠቀጣል፤ ጣት ሲደነዝዝ ፍሬን በልክ መያዝ ያስቸግራል። ስለዚህ ወንፊት በሆነው ጃኬት ላይ የሚደረብ ስስ የነፋስና የዝናብ ልብስ አጥፈው ከመቀመጫው ኋላ ይሰሩ፣ ከመታጠፊያዎቹ በፊትም ቆመው ይልበሱት። ለዚህ መንገድ የሄልሜትዎ የፊት መስታወት ጥርት ያለ ይሁን፤ ጥቁሩ መስታወት ቀን ከተማ ውስጥ ቢመችም ጭጋግ ሲወርድ ወይም ከሐረር ሲመለሱ ቢመሽብዎት መንገዱን ያሳጣዎታል። የጫት አይሱዙዎች ከአወዳይ በምን ዓይነት ፍጥነት እንደሚወርዱ ያውቃሉና መብራትዎን ቀንም ቢሆን አብርተው ይንዱ። በዝናብ ማግስት ደግሞ ጎርፍ በደቻቱ አቅራቢያና በየመሻገሪያው የሚተወው አሸዋ አስፋልቱ ላይ ስለሚሰነብት፣ ጓንትና ቡትስ ከምንጊዜውም ይበልጥ የሚያስፈልጉት ያን ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ነው የምኖረው። ከጀጎል ውጭ ወዳለው የሥራ ቦታዬ የምሄደው ባለቤቴ በሚነዳው ሞተር ከኋላው ተቀምጬ ነው። ሻሽ ስለማስር ሄልሜት አይገባልኝም፤ አንዳንድ ጊዜ ባለቤቴ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ቆብ ይሰጠኛል። ይህ ይበቃ ይሆን? ቀሚስ ለብሶ መቀመጥስ?
አንባቢያችሁ ከሐረር

መልስ፦ የግንባታ ቆብ ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ የተሠራ እንጂ ለሞተር አይሆንም፤ ከጎን ለሚመጣ ምት መከላከያ የለውም፣ አገጭ ላይም ጠበቅ ተደርጎ ስለማይታሰር ገና ሳይወድቁ ይበርራል። የሻሹ ችግር ግን መፍትሔ አለው። ስስና የሚለጠጥ ጨርቅ መርጠው ያለ ቋጠሮና ያለ መርፌ ቁልፍ ይሸፈኑ፤ ከሥር የሚቀር ቋጠሮ ወይም ብረት በምት ጊዜ ራስዎን ይወጋል፣ ሄልሜቱንም ከቦታው ያነሣዋል። ፀጉርዎንም ከአናት ላይ ሳይሆን ዝቅ አድርገው ከማጅራትዎ አጠገብ ይሰብስቡት። ሄልሜት ሲገዙ ሻሹን እንደ ዘወትሩ አድርገው ይለኩ፤ የራስዎ ሄልሜት ይኑርዎት እንጂ የባለቤትዎን ትርፍ አይዋሱ።

ስለ ቀሚሱ በግልጽ እንናገራለን። ረጅም ቀሚስ፣ የነጠላ ጫፍ ወይም የሻሽ ዘርፍ በሰንሰለት ወይም በኋላ ጎማ ሽቦዎች ሲጠለፍ የለበሰችውን ሴት ጎትቶ ይጥላል፤ በአንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነ ደግሞ ያንቃል። ከሥር ሱሪ ለብሰው ቀሚሱን በጭንዎ ሥር አጥፈው ይቀመጡበት፣ ነጠላውን ከጃኬት ውስጥ ይክተቱት፣ በሁለቱም በኩል እግርዎን በመርገጫው ላይ አድርገው ይቀመጡ። ባለቤትዎም የሰንሰለቱ መሸፈኛ ወልቆ ከሆነ ያስገጥሙ፤ ብዙዎች ጥገና ሲያሠሩ አውልቀው ይተዉታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የተጠቀመበትን ሄልሜት ሰጠኝ። አንድ ጊዜ ወድቆበት ጭረቱ ስለታየ በስፕሬይ ቀለም አስቀባሁት፤ ከውስጥ የቆሸሸውንም በቤንዚን አጸዳሁት። አሁን አዲስ መስሏል። ልጠቀምበት?
አንባቢያችሁ ከለገሃሬ

መልስ፦ አይጠቀሙበት። በአንድ ምት የተጨመቀ ፎም ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ጉዳቱም ከውጭ ላይታይ ይችላል። ቤንዚን ፎሙን ያቀልጠዋል፤ የስፕሬይ ቀለም ውስጥ ያለው ማቅጠኛም አንዳንድ የፕላስቲክ ቅርፊቶችን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃልም። ሄልሜት የሚታጠበው ለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና ነው፤ የፊት መስታወቱንም የድሬ አቧራ እንዳይቧጭረው ደረቅ ጨርቅ ሳያስነኩ መጀመሪያ ውኃ ያፍስሱበት። ሳይወድቅ የኖረ ሄልሜት ቢሆንም እንኳ አምራቾች በአብዛኛው ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ። የእርስዎን ደግሞ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳያደርገው ማሰሪያውን ቆርጠው ይጣሉት።